«በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ አስም ይይዘዋል»? ቆይ እስቲ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር ስለዘጋው የኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦላታል። ከጽሑፉ ሥር የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ልተወው እንዴ?» ትላለች።

መልሴ «በፍጹም!» ነበር። ግን «በፍጹም» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጽሑፉ ቁጥር ይጠቅሳል፣ ጥናት ይጠቅሳል፣ አጻጻፉም ያሳምናል። ስለዚህ መልሱም በቁጥርና በጥናት ይሁን።

መጀመሪያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። በቀዶ ጥገና መወለድ አስምና አለርጂ እንደሚያመጣ በጥናት ተረጋግጧል ይላል። አደጋው 20 በመቶ ስለሆነ በኦፕራሲዮን ከሚወለዱ አምስት ልጆች አንዱ አስም ይይዘዋል ይላል። ምክንያቱ ደግሞ ባክቴሪያ ነው። በምጥ የሚወለድ ልጅ ሲወጣ ከእናቱ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይቀበላል፤ በኦፕራሲዮን የሚወለደው ግን ይህ ስለሚቀርበት የመከላከል አቅሙ ለዕድሜ ልኩ ይዛባል። ማስረጃ ካስፈለገም አዲስ አበባን እዩ ይላል፤ ኦፕራሲዮን በዛ፣ አስምና አለርጂም በዛ፣ ቤቱ የሚወለደው የገጠር ልጅ ግን አስም አያውቅም። በመጨረሻም ምክር ይሰጣል። ኦፕራሲዮን የሚበዛው ለገንዘብ ስለሆነ እናቶች እምቢ ይበሉ። የግድ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ እንደተወለደ በእናቱ ብልት ፈሳሽ በተነከረ ጨርቅ ይታበስ።

ጸሐፊው በክፉ ልብ የጻፉት አይመስለኝም። አንዳንዱ ነገራቸውም እውነት አለው፤ በየቦታው እጠቅሰዋለሁ። ከታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከአምስት ልጆች አንዱ»

ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

20 በመቶ የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2008 23 ጥናቶችን የደመረ ትንተና ወጥቶ ነበር። በቀዶ ጥገና በተወለዱ ልጆች ላይ አስም በ22 በመቶ በልጦ አገኘው። በ2018 የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ ወደ 888 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን መረጃ አንድ ላይ አየና 21 በመቶ ላይ አረፈ። ግንኙነቱ አለ። «ተረት ነው» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እሱም ተሳስቷል።

ነገር ግን «በ20 በመቶ ይበልጣል» ማለትና «20 በመቶው ይታመማል» ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያው ከምን ላይ እንደሚበልጥ ካልተነገረ ምንም አይነግርም።

ስኮትላንድን እንይ። በ2015 የታተመ ጥናት ቀናቸውን ጠብቀው የተወለዱ ከ320 ሺህ በላይ የበኩር ልጆችን ተከታትሏል። በምጥ ከተወለዱት ውስጥ በአስም ምክንያት ሆስፒታል የተኙት 3.41 በመቶ ናቸው። በቀጠሮ ቀዶ ጥገና ከተወለዱት ደግሞ 3.73 በመቶ። ከሺህ ልጅ 34 እና 37 ማለት ነው። የሦስት ልጅ ልዩነት። ተመራማሪዎቹ በቤተሰቦቹ መካከል ያሉትን ሌሎች ልዩነቶች ሲያስተካክሉ አደጋው በ22 በመቶ በልጦ ታየ። እሺ፣ በትልቁ እንያዘው። 34ቱ ወደ 41 ወይም 42 ይሆናሉ። ከሺህ።

የጽሑፉ «ከአምስት አንዱ» ግን ከሺህ 200 ነው። ሌሎቹ 160 ልጆች ከየት መጡ? ከየትም አልመጡም፤ መቶኛው በተሳሳተ መንገድ ስለተነበበ ብቻ የተፈጠሩ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ እዚህ የተቆጠሩት ሆስፒታል ለመተኛት የደረሱት ናቸው። ቀለል ያለ አስም ያለው ልጅ ከዚህ ይበዛል። እዚያው ጥናት ላይ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ሳልቡታሞል የሚባለው የአስም ፓፍ የታዘዘላቸው ልጆችም ተቆጥረዋል። በምጥ ከተወለዱት 9.62 በመቶ፣ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከተወለዱት 10.34 በመቶ። እዚህም ልዩነቱ ከመቶ ልጅ አንድ አይሞላም።

«በጥናት ተረጋግጧል»

የተረጋገጠው ሁለቱ አብረው መታየታቸው ነው። አንዱ ሌላውን ማምጣቱ አይደለም። ጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ዝናብ ይበዛል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ጥላው አይደለም።

እስቲ በኦፕራሲዮን የሚወልደው ማን እንደሆነ እናስብ። የደም ግፊቷ የጨመረ እናት። መንታ ያረገዘች። ክብደቷ የበዛ። ልጇ ያለ ቀኑ መውጣት ያለበት። ራሷ አስም ያለባትም ትገኝበታለች፤ አስም ያለባቸው እናቶች በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ይላል። አስም ደግሞ በዘር ይሄዳል። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ሳንባ ደካማ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ደረቱ ሲር ሲር ቢል ተጠያቂው ምላጩ ነው፣ ወይስ ምላጩን ያስመጣው ነገር?

ይህን ለመለየት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ወንድማማቾችን ማወዳደር ነው። እናት አንድ፣ አባት አንድ፣ ቤት አንድ። ታላቁ በምጥ ተወለደ፣ ታናሹ በኦፕራሲዮን። ስዊድኖች በ2012 ይህን አድርገው የአስም መድኃኒት የሚወስደው የትኛው እንደሆነ አዩ። በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የተወለዱት ከወንድም እህቶቻቸው አልተለዩም። በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የተወለዱት ላይ ግን ልዩነቱ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብበት። ለጽሑፉ ትልቅ ራስ ምታት የሚሆነው ይሄ ነውና።

ድንገተኛ የምንለው ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እናትየው ለሰዓታት ካማጠች በኋላ ነው። የእንሽርት ውሃው ፈሷል። የልጁ ጭንቅላት ወርዷል። ከእናቱ ባክቴሪያ ጋር በደንብ ተገናኝቷል። በቀጠሮ የሚወለደው ነው ምንም ሳይነካ በቀጥታ ከማህፀን የሚወጣው። የአስሙ ምክንያት የባክቴሪያ እጦት ቢሆን ኖሮ በቀጠሮ የተወለደው ይብስ ነበር። ስዊድን ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ስኮትላንድ ላይ ደግሞ በሁለቱ የኦፕራሲዮን ዓይነቶች መካከል በአስም በኩል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። የስዊድን ተመራማሪዎችም ውጤታቸው የብልት ባክቴሪያን ምክንያት እንደማይደግፍ ጽፈዋል። ወደ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ያደረሰው ችግር ራሱ፣ መታፈኑ ወይም ኢንፌክሽኑ፣ ይበልጥ ያስጠረጥራል።

ጉዳዩ ተዘግቷል አልልም። ገና የሚከራከሩበት ሰዎች አሉ። ግን የሚከራከሩበትን ነገር «ተረጋግጧል» ብሎ ለነፍሰ ጡር መላክ ተገቢ አይደለም።

ስለ ባክቴሪያው

እዚህ ጋ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። በ2019 እንግሊዝ አገር የ596 ሕፃናትን ሰገራ የመረመረ ጥናት ወጥቷል። በቀዶ ጥገና የተወለዱት አንጀት ውስጥ ባክቴሮይዲስ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ጎድሎ ተገኘ። በምትኩ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች በዝተው ነበር። ይህን ማንም አይክድም።

ስህተቱ ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ፣ የጎደለው ባክቴሪያ በዋናነት የብልት ባክቴሪያ አይደለም። የእናት አንጀት ባክቴሪያ ነው፤ በግልጽ አማርኛ ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ ሰገራ የሚያገኘው ማለት ነው። (ለዚህ ነው መሰለኝ ጽሑፎች ስለሱ ማውራት የማይወዱት።) ሁለተኛ፣ ልጆቹ ምግብ ሲጀምሩ ልዩነቱ በአብዛኛው እየጠበበ ሄዷል።

«ለዕድሜ ልኩ ይዛባል» ለሚለው ደግሞ ዴንማርክ መልስ አላት። በ2020 የታተመው ጥናት 700 ልጆችን ከልደት ጀምሮ ተከታትሏል። በቀዶ ጥገና ከተወለዱት ውስጥ አስም በዝቶ የተገኘው አንድ ዓመት ሞልቷቸውም የአንጀታቸው ባክቴሪያ እንደ አራስነታቸው በቀረው ላይ ብቻ ነው። አንጀታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ በስሎ እንደ ሌሎቹ የሆነላቸው፣ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው የአስም አደጋቸው ከፍ ብሎ አልታየም። ባክቴሪያ ሚና አለው የሚለውን ይህ ጥናት ይደግፋል፤ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ልስጥ። ግን ያው ጥናት ዕጣው በተወለደበት ቀን እንደማይቆረጥም ያሳያል። ጥናቱን ከጠቀሱ ሁለቱንም መጥቀስ ነበረባቸው።

ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለእናት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክም ይከሳል። ይህ በእንግሊዝ አገር በደንብ ተፈትሿል። በፊት መርፌው የሚሰጠው እትብት ከታሰረ በኋላ ነበር፣ ሕፃኑ ጋ እንዳይደርስ። ከ2011 ጀምሮ መመሪያው ተቀይሮ ምላጩ ከማረፉ በፊት ሆነ። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ከለውጡ በፊትና በኋላ የተወለዱትን ሲያወዳድር አስምም ሆነ የቆዳ አለርጂ አልጨመረም። ይህ መርፌ እናትን ከቁስል ኢንፌክሽን ያድናል። እባካችሁ እሱንም እንዳታስተዉ።

የምግብ አለርጂ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ2018 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የስዊድን ልጆችን መዝገብ ያየ ጥናት የምግብ አለርጂ በቀዶ ጥገና በተወለዱት ላይ በ21 በመቶ በልጦ አገኘ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። ሜልቦርን ላይ ደግሞ መዝገብ ከማገላበጥ ይልቅ ሕፃናቱን ራሳቸውን ፈተኑ። የሚጠረጠረውን ምግብ ሐኪም እያየ በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ማለት ነው። በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት በቀዶ ጥገና ከተወለዱት 12.7 በመቶ፣ በምጥ ከተወለዱት 13.2 በመቶ የምግብ አለርጂ ተገኘባቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው።

«የገጠር ልጅ አስም አያውቅም»

ይህችን ነጥብ ወድጃታለሁ፤ መልሷ እዚሁ አገራችን ስላለ።

በ1997 ስለ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ስላለው ገጠር አንድ ጥናት ታትሟል። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። አስም በከተማው ከገጠሩ በግልጽ በዝቶ ተገኘ። ጸሐፊው «ይኸው!» ሊሉ ይችላሉ። ግን ይቆዩ። የተጠየቁት በየዕድሜው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የተወለዱት በ1990ዎቹና ከዚያ በፊት ነው። በዚያን ዘመን ጅማ ላይ በኦፕራሲዮን የተወለደ ስንት ሰው ይገኛል? ኦፕራሲዮን ብርቅ በሆነበት ዘመን ከተማው ከገጠሩ በአስም በልጦ ከተገኘ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ገጠሩም ቢሆን አስም አልጠፋበትም፤ ያነሰ ነው እንጂ።

እዚያው ጅማ ላይ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ብዙ ነገር አገላብጠዋል። ቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ተገኘ። በ2001 የወጣው ደግሞ ሰውን ሁሉ ያስገረመ ነው። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በጽሑፉ አካሄድ ቢሆን ምክሩ ግልጽ ነው፤ በባዶ እግራችሁ ሂዱና ትል ያዙ! እንግሊዞች ግን ከምክሩ በፊት ሞከሩት። ፈቃደኛ የሆኑ የአስም በሽተኞችን ሆን ብለው በጥቂቱ በሁክዎርም አስያዟቸው። በ2010 በታተመው ውጤት አስማቸው ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳየም። አብሮ መታየትና ምክንያት መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አብረው ጨመሩ ለሚለውም አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር በኦፕራሲዮን መውለድ በ1990 12 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2001 21 በመቶ ደረሰ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ብሪታንያን ጨምሮ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዓለም አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ተደርጎ ነበር። በ13 እና 14 ዓመት ልጆች ላይ የአስም ምልክት ቀንሶ ነው የተገኘው። ኦፕራሲዮኑ ሽቅብ፣ አስሙ ቁልቁል። እነዚያ ልጆች ቀደም ብለው ስለተወለዱ ይህ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። ግን «ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይወጣሉ» የሚለውን ያፈርሰዋል።

አዲስ አበባ ላይ ከኦፕራሲዮን ጋር አብሮ የጨመረ ነገር እንደሆነ ሞልቷል። የመኪና ጭስ፣ የግንባታ አቧራ፣ ጠባብና መስኮቱ የማይከፈት ቤት። ሐኪም ቤት ሄዶ «አስም ነው» ተብሎ የሚነገረው ሰውም በዝቷል። ድሮ «ብርድ መትቶት ነው» ይባል ነበር።

«እምቢ በሉ»

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ደረስኩ።

የገንዘቡን ጉዳይ ልመን። የግል ሆስፒታሎች ውስጥ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከመንግሥት ሆስፒታሎች በጣም ይበዛሉ። ሁሉም አስፈልጎ ነው ብዬ አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መግለጫ በአንድ አገር በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከ10 በመቶ ካለፉ በኋላ የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ተጨማሪ ሲቀንስ እንደማይታይ ገልጿል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት አዲስ አበባ 21 በመቶ ላይ ነበረች። ስለዚህ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የእናት መብት ነው፤ መጠየቅም አለባት።

ግን ያው ዳሰሳ ለመላው አገሪቱ ያገኘው 2 በመቶ ነው። ሁለት! ይህ ጥሩ ዜና አይደለም። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋት እናት ሳታገኝ ቀረች ማለት ነው። በዚሁ ዳሰሳ ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ልጆች 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። መንግሥት ከ2009 ጀምሮ የጤና መኮንኖችን ቀዶ ጥገና እያስተማረ ወደየወረዳው የላከው ለዚህ ነው። ምጥ ተሰንክሎባት ለቀናት የምትቆይ ሴት ወይ ማህፀኗ ይቀደዳል፣ ወይ ልጇ ይሞታል፣ ወይ በፊስቱላ ሽንቷ ሳይቋረጥ ይፈሳል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እነዚህን ሴቶች አይተው ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች በጊዜው ኦፕራሲዮን ቢያገኙ ኖሮ እዚያ ባልደረሱም ነበር።

የምሠራው ልጆች ክፍል ቢሆንም ለታፈነ ጨቅላ ወደ ማዋለጃ ክፍል እጠራለሁ። ደጃፉ ላይ የማየው ነገር ይህን ይመስላል። የልጁ የልብ ምት ወርዷል። ሐኪሙ የስምምነት ፎርሙን ይዞ ቆሟል። ባል ለወንድሙ ይደውላል። ወንድም ለእናት ይደውላል። ከወዲያ ማዶ «ትንሽ ታምጥ፣ እግዜር ያውቃል» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባልም «ዶክተር፣ እስቲ ግማሽ ሰዓት እንይ» ይላል። ያች ግማሽ ሰዓት የአንድን ሕፃን ጭንቅላት ለዘላለም ልትጎዳ ትችላለች። አሁን በዚህ መሃል ባልየው ኪስ ውስጥ «አምስት ልጅ ላይ አንዱ አስም ይይዘዋል» የሚል ጽሑፍ ሲጨመር አስቡት። አስምን በፓፍ መቆጣጠር ይቻላል። አየር አጥሮት የተጎዳን አንጎል ግን የምንመልስበት መድኃኒት የለንም።

እንደ ወዳጄ እንግዴ ልጁ በሩን የዘጋው ከሆነማ ምርጫም የለም። በምጥ እወልዳለሁ ማለት ደም ፈስሶ መሞትን መድፈር ነው።

እምቢ ከማለት የሚሻል ጥያቄ ግን አለ። ሐኪሙ ምክንያቱን በግልጽ ይንገራችሁ። ከዚህ በፊት አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁሉ ሁለተኛም የግድ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች ማለት አይደለም፤ ጠይቁ። ቀኑ በቀጠሮ ከሆነ ደግሞ ስንት ሳምንት ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ቀልድ አይደለም። በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለዱና በቀጠሮ የደገሙ እናቶችን ልጆች አየ። በ37 ሳምንት ከተወለዱት 15.3 በመቶ፣ በ38 ሳምንት 11 በመቶ፣ በ39 ሳምንት 8 በመቶ የመተንፈስና ሌላ ችግር ገጠማቸው። ለእናት ወይም ለልጅ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ፣ ለበዓል ወይም ለሐኪሙ ጉዞ ተብሎ ቀኑ ቀድሞ እንዲሆን አይደረግ። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉት ኖሮ እኔም ለሰው ሁሉ እልክላቸው ነበር።

ስለ ጨርቁ

ሐሳቡ የመጣው በ2016 ከታተመ ትንሽ ጥናት ነው። 18 ሕፃናት ነበሩበት፤ በፈሳሹ የታበሱት አራት ናቸው። አራት! የተለካውም የባክቴሪያ ለውጥ እንጂ አስም አይደለም። እነዚያ እናቶች ደግሞ አስቀድመው ለበሽታ ተመርምረው ነው የገቡት። ያልተመረመረች እናት ፈሳሽ ውስጥ ሄርፒስ፣ ጨብጥ ወይም ለጨቅላ አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ከምርምር ውጪ እንዳይደረግ መክሯል። ቤት ውስጥ በአክስት እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም። ደግሞስ ከላይ እንዳልኩት የጎደለው የአንጀት ባክቴሪያ ከሆነ ጨርቁ ምን ሊፈይድ?

ባክቴሪያው የሚያሳስበው ሰው ካለ ከጨርቁ የተሻለ ነገር በእጁ አለ። ጡት። ዛሬ አብዛኛው ኦፕራሲዮን ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ስለሚሠራ እናትየው ነቅታ ነው የምትወልደው። በመጀመሪያው ሰዓት ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ ማጥባት ትችላለች፤ ነርሷን ይጠይቁ፣ ያስታውሱ። እንገሩ አይፈሰስ። ቅቤ ማዋጡም ይቅር። ስድስት ወር ጡት ብቻ። ለእያንዳንዱ ጉንፋን ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ መግዛትም ይቁም።

አራስ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድና እጣን ማጨስን በተመለከተ እናቶቻችንን ማስቀየም አልፈልግም። ግን አስም ለሚፈራ ቤተሰብ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ጭሱን መፍራት ይቀለዋል። በር ይከፈት፣ በርበሬው ልጁ በሌለበት ይታመስ፣ ቤት ውስጥ አይጨስ።

ልጁ አስም ከያዘውስ? በምጥም ይወለድ በኦፕራሲዮን ሕክምናው አንድ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የማየው ትልቁ ችግር ፓፉ በትክክል አለመወሰዱ ነው። እናት ልጇ አፍ ውስጥ ትነፋዋለች፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ይህን ያስተካክላል፣ ግን ይጠፋል ወይም ይወደዳል። ያኔ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እናስመጣለን። መቀመጫው ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ እዚያ ይሰካል፣ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ይታሸጋል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይዞ ይተነፍሳል። በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትኖ፣ በደንብ የታሸገ ጠርሙስ ከሚሸጠው ስፔሰር እኩል ሠርቷል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምን። ጽሑፉን ያንሱ አልልም። ስለ ግል ሆስፒታሎች የጻፉት ሊነበብ የሚገባው ነው። ግን «ከአምስት ልጆች አንዱ» የምትለዋን መስመር ያውጧት፤ በምትኩ የስኮትላንዱን 34 እና 37 ያስገቡ። ነገ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያላት እናት የምታነበው እሷን ነው።